ምቱን ማን ይቀበለዋል?

ፕሮፔለሩ ወርዶ፣ ሞተሪኖ የሚነክሰው ሪንግ ጊርም ከነድጋፉ ከተነሳ በኋላ በሞተሩ አፍንጫ ላይ የሚቀረው አንድ ክብ የብረት ፊት ነው። ፍላንጅ እንለዋለን። ከክራንክሻፍቱ ጋር ከአንድ ብረት የወጣ፣ የክራንክሻፍቱ የራሱ ጫፍ ነው። ስድስት ቀዳዳዎች አሉት፤ በየቀዳዳው ውስጥ ተጨንቆ የገባ አንድ አንድ ቡሽንግ ተቀምጧል። በሴስና 172ም ሆነ በፓይፐር ቸሮኪ ከላይኮሚንግ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ጋር የኖረ መካኒክ እነዚህን ስድስቱን በደንብ ያውቃቸዋል። ዘይታቸውን ይጠርጋል፣ ጥርሳቸውን በባትሪ መብራት ያያል፣ ፕሮፔለሩን መልሶ ያስራል። አውጥቶ መተካት ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ሥራ ስለሆነ እጅ አይለምደውም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ረጋ ብዬ የማስበውን ልጽፈው ፈለግሁ።

ቡሽንጉ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ጥርስ የወጣለት የብረት ቧንቧ ነው። ከፊት በኩል አንገቱ ከፍላንጁ ወጣ ብሎ ይታያል፤ የሪንግ ጊሩ ድጋፍ የሚሰካው በዚህ አንገት ላይ ነው፤ ከድጋፉ አልፎ የቀረው ደግሞ ወደ ፕሮፔለሩ እምብርት ይገባል። ከኋላ በኩል ሰፋ ያለ ራስ አለው፤ ይህ ራስ በፍላንጁ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። የፕሮፔለሩ ቡሎን ከፊት ገብቶ በቡሽንጉ ጥርስ ውስጥ ሲጠብቅ ቡሽንጉን ወደፊት ይጎትታል፤ ያንን ጉተታ የሚይዘው ከኋላ ያለው ራስ ነው። ይህች አንዲት ነገር ከገባች ሌላው ሁሉ ከእሷ ይከተላል።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። 180 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ2,700 ዙር የሚሰጥ የላይኮሚንግ ኦ-360 ሞተር በአማካይ 475 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ያወጣል። ስድስቱ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 4.75 ኢንች ነው። ኃይሉ ለስድስቱ እኩል ቢከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ ከ130 ኪሎ በላይ የሆነ ወደ ጎን የሚገፋ ጫና ይደርሳል። አማካይ ቁጥር ግን እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፤ በ2,700 ዙር በሰከንድ 90 ምት ማለት ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ፒስተን አየሩን እየጨመቀ ሲወጣ ክራንክሻፍቱ መግፋቱን ያቆምና በተራው ፕሮፔለሩ ክራንክሻፍቱን ይዞት የሚዞርበት ቅጽበት አለ። ስለዚህ በፍላንጁ ላይ ያለው ጫና መግፋትና መጎተት፣ መግፋትና መጎተት ነው።

ይህን ሁሉ ቡሽንጎቹ በጎናቸው ይሸከሙታል ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው። ዋናውን ጫና የሚያስተላልፈው በፍላንጁ ፊትና በፕሮፔለሩ እምብርት መካከል ያለው ፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያውን የሚፈጥረው ደግሞ የቡሎኖቹ ጭመቃ። በሃርትዜል ተለዋዋጭ ፕሮፔለር ላይ በቡሎን ፈንታ የሚገባው ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ስተድ ከ60 እስከ 70 ፉት ፓውንድ ሲጠብቅ በግምት ከሦስት ቶን በላይ ይጨምቃል። ስድስቱ አንድ ላይ ወደ ሃያ ቶን ይጠጋሉ። ያ ሃያ ቶን የሚያርፈው በፍላንጁ ጀርባ ባሉት ስድስት ራሶች ላይ ነው። ከስድስቱ የአንዱ ራስ ከፍላንጁ ጋር በፀጉር ስፋት ያህል ሳይገጥም ቢቀር፣ ቶርክ መፍቻው የሚፈለገውን ቁጥር ያሳያል፤ ቡሎኑም የጠበቀ ይመስላል። ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ግን ቡሽንጉ ያችን ፀጉር ታህል ወደፊት ይሄዳል፤ ጭመቃው ይላላል፤ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩ በፍላንጁ ላይ በጥቂቱ ማሸት ይጀምራል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ዝገት የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ያየ መካኒክ ፕሮፔለሩን ሳያወርድ አውሮፕላኑን መልቀቅ የለበትም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላይ የምንሠራ ሰዎች ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከሙሉ ጉልበቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። በመሬት ሙከራ ላይ ለስላሳ የሆነ መጋጠሚያ ሙሉ ፈተናውን አላለፈም ማለት ነው። አውሮፕላኑ ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወርድ ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል፤ በፍላንጁ ላይ የሚደርሰው ምትም አብሮ ይጨምራል። እዚህ የተሠራ ሥራ የሚመዘነው እዚያ ነው።

ስድስቱ ቡሽንጎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፤ የሪንግ ጊሩ ድጋፍም ለእሱ የተዘጋጀ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው። ድጋፉ በአንድ አቀማመጥ ብቻ እንዲገባ የተደረገው በዚህ ነው። በፍላንጁ ላይ በዚያ ቡሽንግ አጠገብ ክብ «ኦ» ምልክት ተመትቷል፤ በድጋፉም ላይ እንዲሁ፤ ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ምክንያቱ ሪንግ ጊሩ ሞተሪኖ የሚነክሰው ጥርስ ብቻ ስላልሆነ ነው። የማግኔቶውን ጊዜ የምናስተካክልባቸው ምልክቶች የተቀረጹት በእሱ ላይ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ካንዴላው እንዲተኩስ ስናደርግ የምናምነው ያንን ቀለበት ነው። ወፍራሙ ቡሽንግ ወደ ጎረቤት ቀዳዳ ቢዛወር ምልክቶቹ ሁሉ 60 ዲግሪ ይዋሻሉ። የቡሽንጎቹ ርዝመትም እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት ይለያያል፤ ለአንዱ እምብርት የሚስማማው አንገት ለሌላው ሊረዝም ይችላል፤ ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ ፍላንጁን ሳይነካ በቡሽንጉ አናት ላይ ይቆማል። የትኛው ቡሽንግ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚናገር ራሱን የቻለ የፋብሪካ መመሪያ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስ ነው። ፍላንጁን ከፊት እንደሚታየው በወረቀት ላይ እሥለዋለሁ፤ የ«ኦ» ምልክቱን አስቀምጬ ከእሱ በሰዓት አቅጣጫ ስድስቱን እቆጥራለሁ፤ የእያንዳንዱን ውፍረትና ከፍላንጁ ፊት የወጣበትን ርዝመት ለክቼ እጽፋለሁ። ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ፎቶ ግን ልክ አይነግርም። ከዚያ በፊት ደግሞ የማይዘለል ነገር አለ፤ የማግኔቶዎቹ የመሬት ሽቦ መያያዙን ማረጋገጥና ካንዴላዎቹን ማውጣት። ክራንክሻፍቱን ደጋግመን በእጅ ልናዞረው ነውና ሞተሩ ነፍስ እንዳይዘራ ማድረግ ግዴታ ነው።

ቡሽንግ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ቡሎን ተጣሞ ገብቶ ጥርሱን በልቶት ይሆናል። ከልክ በላይ ጠብቆ ጥርሱ ተስቦ ይሆናል። ዝገት ገብቶ ይሆናል። ወይም ባለቤቱ የፕሮፔለሩን ዓይነት ቀይሮ ሌላ ርዝመት አስፈልጎ ይሆናል። ፕሮፔለሩ መሬት መትቶ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከቡሽንግ ያልፋል። በላይኮሚንግ ሞተሮች ላይ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው አስገዳጅ መመሪያ መሠረት ከፕሮፔለር ምት በኋላ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የክራንክሻፍት ጊር መመርመር፣ እሱን የያዘው ቡሎንም በአዲስ መተካት አለበት። ከፊት የተመታ ሞተር ከኋላ እንዲፈተሽ መታዘዙ ኃይል በክራንክሻፍት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳያል።

ጥርሱ የተበላ ቡሽንግ ሲገጥም ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው ጥርሱን በጥርስ ማውጫ አጽድቶ ቡሎኑን በግድ መመለስ ነው። ሁለተኛው ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል፤ አውሮፕላኑ ቆሞ ባለቤቱ ይደውላል፤ ተማሪዎች የበረራ ሰዓት ይጠብቃሉ። የአገራችን ቶርኖ ሠራተኞች ደግሞ እጃቸው ድንቅ ነው፤ ናሙናውን ስጣቸው፣ ከፋብሪካው ዕቃ ዓይን የማይለየው ቡሽንግ ይሰጡሃል። ልኩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ብረቱ ግን ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደጠነከረ፣ ስንት ሺህ ምት እንደሚችል የሚመሰክር ወረቀት የለውም። እኔ ቶርኖ ቤት የምሄደው ለቡሽንጉ ሳይሆን ለማውጫ መሣሪያው ነው። የፋብሪካው መሣሪያ ከሌለ እኩያውን ማሠራት ይቻላል፤ እዚያ የእነሱ እጅ በጣም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ማውጣቱ። ራሱ ከኋላ ስለሆነ ቡሽንጉ የሚወጣው ወደ ኋላ ነው፤ ከፊት ተገፍቶ በፍላንጁና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ጠባቡን ቦታ ዐይቶ፣ «ጋሼ፣ መግፊያ ዘንግ አድርጌ ትንሽ ነካ ነካ ባደርገውስ?» አለኝ።

«ሊወጣ ይችላል» አልኩት። «ምቱን ግን ማን ይቀበለዋል?»

«ፍላንጁ።»

«ፍላንጁን ከኋላው ማን ደገፈው?»

ጎንበስ ብሎ ዐየ። ከፍላንጁ ጀርባ ያለው ኦይል ሲሉና ባዶ ቦታ ብቻ ነበር።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቡሽንጉ ላይ ያረፈ የመዶሻ ምት በቡሽንጉ ላይ አይቆምም። ተጨንቆ ስለገባ ምቱን ለፍላንጁ ያስተላልፋል፤ ፍላንጁ ለክራንክሻፍቱ፤ ክራንክሻፍቱ ደግሞ ወደ ኋላ ተገፍቶ በአሉሚኒየሙ ክራንክኬዝ ላይ ባለው መደገፊያ ፊት ያርፋል። በዚያ ላይ ምቱ ያረፈው ከመሐሉ 60 ሚሊ ሜትር ርቆ ስለሆነ ፍላንጁን የማጠፍ ጉልበትም አለው። ፍላንጁ በዓይን በማይታይ መጠን ቢጠመም የፕሮፔለሩ ጫፎች ተከታትለው በአንድ መስመር ማለፋቸውን ይተዋሉ፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚወቅሰው ፕሮፔለሩን ነው።

ትክክለኛው መሣሪያ ኃይሉን በፍላንጁ ላይ ብቻ ጀምሮ በፍላንጁ ላይ ብቻ ይጨርሰዋል። እኔ የምጠቀምበት ግማሽ ክብ የመሰለ ወፍራም የብረት ማዕቀፍ ነው። አንደኛው መንጋጋው በፍላንጁ ጀርባ ላይ በኩባያ ይቀመጣል፤ ኩባያው የቡሽንጉን ራስ ሳይነካ ዙሪያውን ከብቦ ፍላንጁን ብቻ ይደገፋል፤ ውስጡም ቡሽንጉን ለመቀበል ባዶ ነው። ከፊት ያለው ቪዳ የቡሽንጉን አንገት ይገፋል። ቪዳው በገፋ መጠን መንጋጋው በዚያው መጠን ከኋላ ይይዛል። የክራንክሻፍቱ የቀረው አካል ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አይሰማውም። በእጅህ ክራንክሻፍቱን ብትነካው በነፃነት ይወዛወዛል፤ እኔም ሥራው መሐል ላይ ሆን ብዬ እነካዋለሁ። ከጠበቀ ኃይሉ ወደማይፈለግበት ሄዷል ማለት ነው፤ አቆማለሁ።

ከመግፋቱ በፊት ዘልቆ የሚገባ ዘይት በሁለቱም በኩል አድርጌ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። እሳት አላቀርብም። ኦይል ሲሉ እዚያው ጀርባ ነው ያለው፤ የክራንክሻፍቱ ጥንካሬም ከሙቀት አሠራር የመጣ ስለሆነ በችቦ የሞቀ ቦታ ምን እንደሆነ ማንም በዓይኑ ዐይቶ ሊናገር አይችልም። ቡሽንጉ ሲለቅ አንድ አጭር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን የብረት ሲጥታ። ከዚያ በኋላ መፍቻው ይቀላል። ያን ጊዜ ለመፍጠን የሚገፋፋ ስሜት ይመጣል፤ የቡሽንጉ ጫፍ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚጭረው ግን ተጣሞ ሲጨርስ ስለሆነ እስከ መጨረሻው በዝግታ እሄዳለሁ።

ስድስቱንም በአንድ ጊዜ አላወጣም። አንዱን አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ዐይቼ፣ አዲሱን አስገብቼ ወደ ትይዩው እሄዳለሁ። ካርታው በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ አምስት ቡሽንጎች በቦታቸው እያሉ ስድስተኛው ሊሳሳት አይችልም።

ባዶውን ቀዳዳ ማየት የሥራው እጅግ ጠቃሚ ክፍል ነው። በማጽጃ ፈሳሽ ጠርጌ፣ መብራት በአግድም አብርቼ በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ። ሲሊንደራዊ ግድግዳው ላይ ርዝመቱን ተከትሎ የሄደ ጭረት ካለ፣ ያለፈው ሰው በግድ አስገብቶ ነበር። ዙሪያውን የሄደ የተወለወለ ቀለበት ካለ ቡሽንጉ በቦታው ሲሽከረከር ነበር፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ራሱ ሰፍቶ እንደሆነ መለካት አለበት። በቀዳዳው አፍ ላይ የዝገት ጉድጓድ ካለ ደግሞ ሥራው ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ክራንክሻፍት መርማሪ ይሄዳል። በሰከንድ 90 ጊዜ የሚመታ ብረት ላይ ትንሽ ጉድጓድ የስንጥቅ መነሻ ናት። በነገራችን ላይ ፕሮፔለሩ ቋሚ በሆነባቸው 160 የፈረስ ጉልበት ባላቸው የላይኮሚንግ ሞተሮች በክራንክሻፍቱ ባዶ ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝገት እንዲፈለግ እ.ኤ.አ. በ1998 አስገዳጅ መመሪያ ወጥቷል፤ ፕሮፔለሩ ወርዶ እያለ ያንን ሳያዩ ማለፍ ያሳዝናል።

አዲሱን ማስገባት የማውጣቱ ግልባጭ ይመስላል፤ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ከቡሽንጉ ጥርስ ቀጠን ያለ ረጅም ቡሎን ከኋላ አስገብቼ በውስጡ አሳልፋለሁ፤ የቡሎኑ ራስ በቡሽንጉ ራስ ላይ ያርፋል። ከፊት በኩል አንገቱ የሚገባበት ወፍራም ቧንቧ በፍላንጁ ፊት ላይ አቆምና በላዩ ዋሸርና ዳዶ አስራለሁ። ዳዶው ሲዞር ቡሎኑ ቡሽንጉን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል፤ ቧንቧውም የጉተታውን ምላሽ ለፍላንጁ ይሰጣል። ቡሎኑን በቡሽንጉ ጥርስ ውስጥ አስሮ መጎተት ይቀላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱን ነው። አዲስ ጥርስ ግን ገና ፕሮፔለር ሳይሸከም በዚያ ጉተታ እንዲጨነቅ አልፈልግም።

ቡሽንጉን ስለ ማቀዝቀዝ ብዙ ይወራል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በደረቅ በረዶ ከክፍል ሙቀት ወደ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢወርድ ከሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፍ ይኮማተራል። ይህ መጠን ይረዳል። በቤት ማቀዝቀዣ ግን የሚገኘው ከዚያ ግማሹን አይሞላም፤ በክረምት ሀንጋር ውስጥ የቀዘቀዘ ብረት ወዲያው ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ከቡሽንጉ ጋር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፤ ከዓመታት በኋላ ለሚያወጣው ሰው ዝገት ሆኖ ይጠብቀዋል። መመሪያው ካላዘዘ በስተቀር እኔ በንጹሕ ቀጭን ዘይትና በትዕግሥት ማስገባቱን እመርጣለሁ።

መፍቻው እዚህ ይናገራል። ቡሽንጉ ቀጥ ብሎ ከገባ ተቃውሞው በዝግታ ይጨምራል፤ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፣ ሁልጊዜ ትንሽ ከበድ ይላል፤ መዝለል የለም። ከዘለለ፣ ማለትም ከብዶ ድንገት ከለቀቀ፣ ቡሽንጉ ተጣሟል፤ ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ማቅናት ብቻ ነው መፍትሔው። መጨረሻ ላይ ራሱ ፍላንጁን ሲነካ መፍቻው ግድግዳ እንዳገኘ ይቆማል። እዚያ ላይ እጅን ማመን አይበቃም። ከሁሉ ቀጭኑን ፊለር ጌጅ በራሱ ዙሪያ እሞክራለሁ፤ በአንድም በኩል ከገባ ቡሽንጉ አልተቀመጠም። ቀድሞ የተናገርኩት የሃያ ቶኑ ጉዳይ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ከዚያ ፈተናዎቹ በየተራ ይመጣሉ። የፕሮፔለሩ ቡሎን በየቡሽንጉ እስከ ሙሉ ጥልቀቱ በጣት ብቻ መሄድ አለበት። የሪንግ ጊሩ ድጋፍ በእጅ ክብደት ብቻ በስድስቱ አንገቶች ላይ መውረድ አለበት፤ መታ መታ ማድረግ ካስፈለገ አንዱ ቡሽንግ ቀጥ አላለም። በመጨረሻ ዳያል ኢንዲኬተር በክራንክኬዙ ላይ አስሬ የፍላንጁን ፊት እያዞርኩ አነበዋለሁ። እዚህ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ክራንክሻፍቱ ወደፊትና ወደ ኋላ የመንቀሳቀስ ነፃነት አለው፤ በአዲስ ሞተር እንኳ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ። ሲያዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ካልገፉት ኢንዲኬተሩ የሚያሳየው ጠማማነትን ይሁን ያንን ነፃነት አይታወቅም። ፕሮፔለሩ ከተመለሰ በኋላም ጫፎቹን ከአንድ ቋሚ ምልክት አንጻር አሳልፌ ልዩነታቸውን እለካለሁ፤ ይህ የፍላንጁን ንባብ በትልቅ መጠን መልሶ የሚያሳይ ነው።

በሞተሩ መዝገብ ላይ «ቡሽንጎች ተተክተዋል» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ መፈረም በሕግ በኩል የሚበቃ የሚመስላቸው አሉ። እኔ የእያንዳንዱን የዕቃ ቁጥር ከነቀዳዳው፣ የኢንዲኬተሩን ንባብ፣ የተጠቀምኩበትን መመሪያና የጠበቀበትን ቶርክ እጽፋለሁ፤ በእርሳስ የሣልኩትንም ካርታ ከመዝገቡ ጋር አያይዘዋለሁ። ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ቶርኩን እንደገና እፈትሻለሁ፤ ቀኑንና ንባቡን ከዚያው ሥር አሰፍራለሁ። አሮጌዎቹን ስድስት ቡሽንጎች ደግሞ በሞርሳ ይዤ በመጋዝ ለሁለት እከፍላቸዋለሁ፤ ሳይቆረጡ ሳጥን ውስጥ ከቀሩ መለዋወጫ በጠፋበት ወር ደህና መስለው የሚያነሳቸው ሰው አይጠፋም።